ምዕራፍ ስድስት፦ ነርቭ ሲወጠር፣ እጅ ሥራ ሲፈታ

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከተክለ ሃይማኖት እስከ አብነት ባለው ሰፈር የብዙ ሰው እንጀራ የተመሠረተው በትከሻና በክንድ ላይ ነው። ልብስ ሰፊው፣ የጋራዥ ሠራተኛው፣ የመርካቶን ጭነት የሚያወጣና የሚያወርደው ተሸካሚ፣ በፍርድ ቤቱ አካባቢ ቀኑን ሙሉ አቤቱታ የሚተይበው ጸሐፊ፣ ሹሩባ የምትሠራው ወጣትና እንጀራ ጋግራ ለየሱቁ የምታከፋፍለው እናት ሥራቸው ባይገናኝም፣ ክንዳቸው የታመመ ዕለት ገቢያቸው የሚቆም መሆኑ አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የትከሻና የክንድ ሕመም እዚህ ሁለት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ያስነሳል። አንደኛው ሕመሙ ከየት ይመነጫል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ሕመሙ ከሰውየው ኑሮ ላይ ምን ወሰደ የሚል ነው።

ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረው ከሕመሙ ምንጮች አንዱ በሆነውና ብዙ ጊዜ በሚዘነጋው የነርቭ መወጠር ላይ ነው። የነርቭ መወጠር መጠንና የሰውየው ከሥራ የመስተጓጎል መጠን ተያያዥ ቢሆኑም አንድ አይደሉም፤ ከሁለቱ አንዱን ለክቶ ሌላውን በግምት መሙላት ሕመምተኛውን በሕክምናም በፍትሕም ይጎዳዋል። መስተጓጎል የሚለው ቃል በዚህ ምዕራፍ የቆመው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባጸደቀው የጤናና የአካል ብቃት አመዳደብ ለተገለጸው ነገር ነው፤ ይኸውም በአካል ላይ የደረሰው ችግር ሰውየው ከሚሠራው ሥራ፣ ከሚኖርበት ቤትና ከሚኖርበት ማኅበረሰብ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው መሰናከል ነው።

ነርቭ ከክንድ ጋር ይንቀሳቀሳል

ወደ ክንድ የሚሄዱት ነርቮች የሚነሡት በአንገት አከርካሪ ውስጥ ከሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር ነው። ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት አራት የአንገት ነርቭ ሥሮችና የመጀመሪያው የደረት ነርቭ ሥር በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባሉ ጠባብ ቀዳዳዎች ወጥተው፣ በአንገት ጎን ባሉ ጡንቻዎች መሐል ሾልከው፣ ከትከሻ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ አጥንትና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መካከል አልፈው ወደ ብብት ይወርዳሉ፤ በጉዟቸውም እየተጋጠሙና እየተለያዩ ውስብስብ ጥልፍልፍ ይሠራሉ። ከጥልፍልፉ ከሚወጡት ዋና ዋና ነርቮች መካከል ሦስቱ እዚህ ያስፈልጋሉ። ሚዲያን የሚባለው በክንድ ፊት ለፊት ወርዶ በእጅ አንጓ ላይ ባለ ጠባብ ዋሻ በኩል ወደ መዳፍ ይገባና የአውራ ጣትን፣ የሌባ ጣትን፣ የመሐል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ስሜት ይሸከማል። አልናር የሚባለው ክርን ከጠንካራ ነገር ጋር ሲጋጭ እንደ ኤሌክትሪክ በሚነዝረው ቦታ ዞሮ ወደ ትንሿ ጣት ይሄዳል። ራዲያል የሚባለው ደግሞ የላይኛውን የክንድ አጥንት በጀርባው በኩል ዞሮ፣ አንጓንና ጣቶችን ቀና የሚያደርጉትን ጡንቻዎች ያዛል።

ነርቭ መልእክት ከማስተላለፍ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው፣ ባለበት ተተክሎ የሚኖር ነገር ይመስላል፤ እውነቱ ግን ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ነርቭም አብሮ መንቀሳቀሱ ነው። ታጥፈው የነበሩት ክርንና አንጓ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጉ የሚዲያን ነርቭ የሚያልፍበት መንገድ 20 በመቶ ያህል ይረዝማል። ነርቩ ይህን ርዝመት የሚሸፍነው በከፊል የብስክሌት ፍሬን ሽቦ በሽፋኑ ውስጥ እንደሚንሸራተት በዙሪያው ባሉ ጡንቻዎች መካከል በመንሸራተት፣ በከፊል ደግሞ ራሱ በመለጠጥ ነው። በዕረፍት ጊዜ የነርቭ ቃጫዎች ሞገድ ሠርተው ስለሚቀመጡ የመጀመሪያው ልጠጣ ሞገዱን ከማቃናት አያልፍም፤ ጤነኛ ነርቭም የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴን ሁሉ ያለ ምንም ስሜት ያስተናግዳል።

ችግር የሚመጣው ልጠጣው ሲበዛ ወይም ሲቆይ ነው። ነርቭ ያለማቋረጥ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ኦክስጅን የሚያመጡለት ቀጫጭን የደም ሥሮችም በላዩና በውስጡ ስለሚሄዱ ነርቩ ሲወጠር እነርሱም ይጠባሉ። ስዊድናውያኑ ሉንድቦርግና ሪዴቪክ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት የጥንቸል የእግር ነርቭ 8 በመቶ ሲለጠጥ በነርቩ ያለው የደም ፍሰት መታወክ እንደሚጀምር፣ ልጠጣው ወደ 15 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ፍሰቱ እንደሚቆም አሳይተዋል። መጫንም እንደ መወጠር ያው ጉዳት አለው። አሜሪካዊው ጌልበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 በአንጓ ዋሻ ውስጥ ያለውን ግፊት ሲለኩ፣ ጤነኛ ሰው አንጓውን ሳያጥፍ ሲያስቀምጥ 2.5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል የነበረው ግፊት አንጓው ወደ ኋላ ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ወደ 30 ከፍ ብሏል፤ የአንጓ ዋሻ ጥበት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን ግፊቱ በዕረፍት ጊዜ እንኳ 32 ያህል ሲሆን፣ አንጓው ወደ ኋላ ሲታጠፍ 110 ደርሷል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለሕመም ምክንያቱን የሚያስረዳው ግን የነርቩ መቆጣት ነው። በአይጦች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ ነርቩ ሳይቆረጥና ሳይጨፈለቅ በዙሪያው ብግነት ብቻ ሲፈጠር፣ ቀድሞ ለመለጠጥ መልስ የማይሰጡ የሕመም ቃጫዎች 3 በመቶ ያህል በሆነ ልጠጣ፣ ማለትም ክንድ በወትሮው እንቅስቃሴ በሚያመጣው መጠን፣ የሕመም መልእክት መላክ ጀምረዋል። እንግዲህ አንድ ሕመምተኛ ነርቩ ተወጥሯል ሲባል ነርቩ አጥሯል ወይም የሆነ ቦታ ተጣብቋል ማለት አይደለም፤ በአብዛኛው ነርቩ ተቆጥቶ መደበኛውን እንቅስቃሴ እንደ አደጋ መቁጠር ጀምሯል ማለት ነው። ይህ ልዩነት የምሁራን ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ነርቩ ያጠረ የመሰለው ሰው ይስበዋል፣ የተቆጣ መሆኑን ያወቀ ሰው ግን ያበርደዋል።

ነርቭ በሁለት ቦታ መጎዳቱም የተለመደ ነው። አፕተንና ማኮማስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1973 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባቀረቡት ጽሑፍ፣ በአንጓ ወይም በክርን ላይ ነርቫቸው ከተጫነባቸው 115 ሰዎች መካከል 81ዱ በአንገት የነርቭ ሥር ላይም የጉዳት ምልክት እንዳላቸው ጽፈዋል። አንገት ላይ የታወከ ነርቭ ወደ ታች ሲወርድ ለሌላ ጫና የበለጠ ይጋለጣል የሚለው ማብራሪያቸው እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ ጣቱ የደነዘዘን ሰው ጣቱን ብቻ አይቶ መሸኘት ስሕተት መሆኑን ግን ሁሉም ይስማማበታል።

ኤልቪ ያመጣው ምርመራ

ነርቭን በመለጠጥ መመርመር የተጀመረው በእግር ነው። በፈረንሳዊው ሐኪም ላሴግ ስም የሚጠራውና ጀርባው የታመመን ሰው አስተኝቶ እግሩን ሳያጥፉ ቀና በማድረግ የሚደረገው ምርመራ፣ የላሴግ ተማሪ ፎርስት እ.ኤ.አ. በ1881 ከገለጸው ወዲህ በየሆስፒታሉ ይሠራበታል። ክንድ ግን ተራው እስኪደርሰው መቶ ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረበት። በአውስትራሊያ የፐርዝ ከተማ ፊዚዮቴራፒስት የነበረው ሮበርት ኤልቪ የክንዱ ጥልፍልፍ በየትኛው የክንድ አቀማመጥ ይበልጥ እንደሚወጠር በአስከሬን ላይ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 ምርመራውን አቀረበ፤ የአገሩ ልጅ ዴቪድ በትለር ደግሞ ዘዴውን ለሦስቱም ነርቮች በየፈርጁ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም ፊዚዮቴራፒስቶች አዳረሰው።

ለሚዲያን ነርቭ የሚደረገው ምርመራ የሚከናወነው ሕመምተኛው በጀርባው ተኝቶ ነው። መርማሪው በቅድሚያ ትከሻው ወደ ጆሮ እንዳይነሣ ወደ ታች ይይዘዋል፤ ክንዱን ወደ ጎን እስከ 90 ዲግሪ ወይም ጥቂት አልፎ ይከፍታል፤ መዳፉን ወደ ላይ ያዞራል፤ አንጓውንና ጣቶቹን ወደ ኋላ ያጥፋል፤ ክንዱን ወደ ውጭ ያዞራል፤ በመጨረሻም ክርኑን ቀስ እያለ ይዘረጋል። ሕመምተኛው የሚሰማውን በተናገረበት ቅጽበት ክርኑ ስንት ዲግሪ ላይ እንደቆመ ይለካል። ቀጥሎ የምርመራው ቁልፍ የሆነው እርምጃ ይመጣል፤ ክንዱ ከቦታው ሳይነቃነቅ አንገት ብቻ ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል። አንገት ሲያዘነብል በክንዱ ጡንቻና በክርኑ መገጣጠሚያ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም፤ የሚለወጠው ከአንገት እስከ ጣት የተዘረጋው ነርቭ ብቻ ነው። ስለዚህ የጣቱ መጠዝጠዝ አንገት በማዘንበሉ ከጨመረ፣ አንገት ወደ ታመመው ጎን ሲመለስም ከቀነሰ፣ ነርቩ በሕመሙ ውስጥ ድርሻ እንዳለው መጠርጠር ተገቢ ይሆናል።

የዚህ ምርመራ ደረጃዎች በልደታ የዕለት ኑሮ ውስጥ በየቀኑ የሚደጋገሙ እንቅስቃሴዎች መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ውሃ በጠፋ ቀን ይህን ጀሪካን ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ደረጃ የሚያወጣ ሰው ትከሻው ወደ ታች ተስቦ፣ ክርኑ ተዘርግቶ፣ አንገቱ ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ሌላው ጎን አዘንብሎ ነው የሚወጣው፤ ይህም መርማሪው በጥንቃቄ የሚያደርገውን በክብደት ማድረግ ማለት ነው። የሚሰግድ ሰው በመዳፉ መሬት ሲደገፍ አንጓው ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ክርኑ ይዘረጋል፤ በዐቢይ ጾም ስግደት ለሚያበዛ ምእመን፣ በቀን አምስት ጊዜ ለሚሰግድ ሙስሊምም ይህ አቀማመጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ጤነኛ ነርቭ ይህን ሁሉ ይችለዋል፤ የተቆጣው ነርቭ ግን ሁሉንም ይቆጥራል።

ምርመራው የሚለውን ከሚገባው በላይ ማመን ግን አደገኛ ነው። ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች እንኳ ይህ ምርመራ ሲደረግላቸው አብዛኞቹ በክርናቸው መታጠፊያ መወጠር፣ በጣቶቻቸውም መውረር ይሰማቸዋል፤ ስለዚህ ተሰማኝ ማለት ብቻውን በሽታ አይደለም። ሕመምተኛውን ወደ ሕክምና ያመጣው ያው የራሱ ሕመም መቀስቀሱ፣ አንገት ሲያዘነብል መለወጡና ከጤነኛው ክንድ ጋር ሲነጻጸር ልዩነት መኖሩ አብሮ መታየት አለበት። አሜሪካዊው ዌይነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳተሙት፣ ምርመራው የአንገት ነርቭ ሥር ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል 97 በመቶ የሚሆኑትን ይይዛል፤ ሕመሙ ከሌለባቸው መካከል ግን በትክክል ነጻ የሚያወጣው 22 በመቶውን ብቻ ነው። እንግዲህ የዚህ ምርመራ ጥንካሬ የአንገት ነርቭ ሥር ሕመም የለበትም ለማለት እንጂ አለበት ለማለት አይደለም።

በአውስትራሊያ በ1980ዎቹ የተነሣው ክርክር የዚህን ምርመራ ማኅበራዊ ክብደት ያሳያል። በዚያን ጊዜ በጽሕፈት መኪናና በኮምፒዩተር ቁልፎች ላይ የሚሠሩ በርካታ ሠራተኞች የክንድ ሕመም ይዟቸው ካሣ ሲጠይቁ፣ በራጅ የሚታይ ነገር ስላልተገኘ ገሚሱ ሐኪም ሕመሙን የአእምሮ ፈጠራ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ኤልቪ፣ ሐኪሙ ጆን ኩዊንትነርና ባልደረባቸው ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ የእነዚህ ሰዎች ሕመም ነርቩን በሚለጥጠው ምርመራ እንደሚቀሰቀስ አሳይተው የነርቭ ሕብረ ሕዋስ የሕመሙ ምንጭ ሊሆን ይችላል ሲሉ ተከራከሩ። ሕመሙ በራጅ ስላልታየ የለም መባሉ ሠራተኞቹን ሁለት ጊዜ ጎድቷቸዋል፤ አንድ ጊዜ በሕመሙ፣ ሌላ ጊዜ ባለመታመን።

ዲግሪ የማይለካው

ክርኑ ሙሉ በሙሉ ሊዘረጋ 40 ዲግሪ ሲቀረው ሕመሙ የሚቀሰቀስበት ሰው፣ 20 ዲግሪ ሲቀረው ከሚቀሰቀስበት ሰው ይልቅ በኑሮው ሁለት እጥፍ ተስተጓጉሏል ማለት ይቻላል? አይቻልም። በሁለቱ መካከል ሥራው፣ ቤቱ፣ እንቅልፉ፣ ፍርሃቱና የሚረዳው ሰው መኖር አለመኖሩ ይገባሉ። ሪንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት የእጅና የክንድ ችግር ያለባቸው ሰዎች ስለ መስተጓጎላቸው የሚሰጡት መልስ ከድባቴ ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ይህ ማለት ሕመሙ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ሕመም እንቅልፍ ሲነሣ፣ ገቢ ሲያቋርጥና ነገን ሲያስፈራ የመሥራት ዐቅም ከነርቩ ሁኔታ በላይ ይወርዳል ማለት ነው። በልደታ የቤት ኪራይ የሚከፍል ልብስ ሰፊ ሳይሠራ የሚያርፍበት ሳምንት ስለሌለው፣ ያው ዲግሪ ያለው ባለ ደመወዝ ሠራተኛ በዕረፍት ፈቃድ የሚያልፈውን ሕመም እሱ በመኪናው ላይ ተጎንብሶ ያሳልፈዋል፤ ነርቩም የሚበርድበት ጊዜ አያገኝም።

መስተጓጎልን ለመለካት በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት መጠይቅ ዳሽ ይባላል። የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚና በቶሮንቶ የሚገኘው የሥራና የጤና ተቋም ያዘጋጁት ይህ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሲሆን፣ 30 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ተመልሶ ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ይሰላል፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠንም መስተጓጎሉ ይጨምራል። ጥያቄዎቹ የጠበቀ ክዳን መክፈትን፣ መጻፍን፣ ቁልፍ ማዞርን፣ አልጋ ማንጠፍን፣ ከራስ በላይ ያለ አምፖል መቀየርን፣ ጸጉር መታጠብን፣ ከመዝናኛም ካርታና ቴኒስ መጫወትን፣ እንዲሁም መደንዘዝንና የእንቅልፍ ማጣትን ያካትታሉ። መጠይቁ በብዙ አገር የተፈተነ ጠንካራ መሣሪያ መሆኑ አያጠያይቅም።

ሆኖም ካርታና ቴኒስ የተክለ ሃይማኖትን ጋጋሪ የመስተጓጎል ልክ አይነግሩም። የአንድ እናት ክንድ መዳከም የሚታወቀው ሊጥ ስታቦካ፣ ሊጡን በምጣዱ ላይ ዙሪያውን ስታፈስስ፣ አክንባሎውን ስታነሣና እንጀራውን በሰፌድ ስታወጣ ነው፤ ልብስ በእጅ ስታጥብና ስትጨምቅ፣ ቡና ስትወቅጥ፣ ልጅ ስታዝል፣ ነጠላዋን ስታጣፋ ነው። ቀኝ እጅ ለምግብና ለሰላምታ የተለየ በሆነበት ባህል የቀኝ ክንድ ሕመም ከገበታ ላይ ያርቃል፤ ትከሻ ለትከሻ በመሳሳም ሰላምታ በሚለዋወጥ ማኅበረሰብ ውስጥ የትከሻ ሕመም ሰውን ከወዳጁ እንዲሸሽ ያደርገዋል፤ በሠርግ ላይ እስክስታ መውረድ ያልቻለችም ሴት ሕመሟ ከመዝናኛ ያለፈ ነገር እንደወሰደባት ታውቃለች። መጠይቅ ከአንድ ባህል ወደ ሌላው ሲወሰድ በሁለት ተርጓሚዎች መተርጎም፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መተርጎም፣ በባለሙያዎች ጉባኤ መታየትና ከ30 እስከ 40 በሚደርሱ ሕመምተኞች ላይ መሞከር እንዳለበት በዘርፉ የታወቀ መመሪያ አለ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን ከቃሉ ይልቅ ድርጊቱን መተካት፣ ማለትም ሰዉ በእጁ በእርግጥ የሚሠራውን መጠየቅ ነው።

የችግሩ ስፋት በአገር ውስጥ ጥናትም ታይቷል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በዲግሪ በሚያሠለጥነው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በመምህራን ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተጠየቁት መምህራን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የትከሻ ወይም የአንገት ሕመም እንዳለባቸው ተናግረዋል። ጠመኔ ይዞ ክንድን ከትከሻ በላይ አንሥቶ መጻፍ ቀላል የሚመስለው ለማያደርገው ነው።

ሕጉም የሚሠራው በመስተጓጎል ልክ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ ጉዳትን ሲደነግግ አደጋን ብቻ ሳይሆን በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም የሚያካትት ሲሆን፣ ጉዳቱን ጊዜያዊ፣ ዘላቂ ከፊል፣ ዘላቂ ሙሉ እና ሞት ብሎ ይመድበዋል። ጣት የተቆረጠበት ሠራተኛ ጉዳቱ ስለሚታይ አያከራክርም፤ ነርቩ ተቆጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ መዶሻ መያዝ የማይችለው ሠራተኛ ግን በሐኪም ማስረጃው ላይ ይህ በግልጽ ካልተጻፈለት ጤነኛ ይመስላል። በግሏ የምትጋግር እናትና በግሉ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ደግሞ አሠሪ ስለሌላቸው ይህ ጥበቃ ከቶ አይደርሳቸውም፤ ለእነርሱ ያለው ጥበቃ ሕመሙ ሳይከርም የሚታከምበት ቅርብ ቦታ ብቻ ነው።

ማብረድ እንጂ መሳብ አይደለም

ክንዱን ያመመው ሰው አስቀድሞ ወደ ወጌሻ መሄዱ የሚያስወቅሰው ነገር አይደለም፤ ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ዋጋው አይከብድም፣ በእጁ ዳስሶ ያዳምጣል። ነገር ግን የተቆጣን ነርቭ ክንድን አጥብቆ በመሳብ ለማላቀቅ መሞከር ቀደም ሲል የተጠቀሰውን የደም ፍሰት መታወክ ያባብሳል፤ መደንዘዝ ወይም ወደ ጣት የሚወርድ ሕመም ያለበት ክንድ ፈጽሞ በኃይል መሳብ የለበትም። ይህ ማስጠንቀቂያ ክንድን በኃይል የመለጠጥ ስፖርት ለሚያዝዙ ዘመናዊ ባለሙያዎችም ይሠራል።

ዛሬ የሚመከረው ነርቩን ሳይወጥሩ ማንሸራተት ነው። ክርን ሲዘረጋ አንጓ ወደ መዳፍ በኩል ይታጠፋል፣ ክርን ሲታጠፍ አንጓ ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ በዚህም መንገድ ነርቩ በአንድ በኩል ሲሳብ በሌላው በኩል ይለቀቃል። ኮፒተርስና በትለር እ.ኤ.አ. በ2008 በአስከሬን ላይ ባደረጉት ልኬት፣ የሚዲያን ነርቭ በዚህ ዘዴ አንጓ ላይ 12.6 ሚሊሜትር ሲንሸራተት፣ ሁለቱም መገጣጠሚያዎች በአንድነት በሚዘረጉበት የመወጠር ዘዴ የተንሸራተተው 6.1 ሚሊሜትር ብቻ ነበር፤ የሚያንሸራትተው ዘዴ በነርቩ ላይ የፈጠረው ልጠጣም ያነሰ ነው። ባሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ነርቭን የማንቀሳቀስ ሕክምና ከነርቭ ጋር ለተያያዘ የአንገትና የክንድ ሕመም እንደሚጠቅም፣ ለአንጓ ዋሻ ጥበት ግን ጥቅሙ ግልጽ እንዳልሆነ ደምድመዋል። ተስፋ የሚሰጥ ሌላም እውነት አለ፤ በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ የአንገት ነርቭ ሥር ሕመም የነበረባቸው ሰዎች ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸው እ.ኤ.አ. በ1994 እንደታተመው፣ በመጨረሻው ክትትል 90 በመቶ የሚሆኑት ወይ ምንም የሕመም ምልክት አልነበራቸውም ወይም ሕመሙ ያስተጓጎላቸው በመጠኑ ብቻ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ከባድ በሽታ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ የክርን አካባቢ ነርቭ ወፍሮ ትንሿ ጣት ስትደነዝዝና ስትታጠፍ የሥጋ ደዌ መታሰብ አለበት፤ ለዚህ ሕክምና ከልደታ ብዙ የማይርቀው የአለርት ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። ሌሊት የማያስተኛ የአንገት ሕመም ከላብ፣ ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ የአከርካሪ ነቀርሳ፣ ሁለቱም እጆችና እግሮች ሲደነዝዙ የስኳር ሕመም ሊሆን ይችላል። ከደረት ሕመምና ከላብ ጋር የሚመጣ የግራ ክንድ ሕመም የልብ ነው ተብሎ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ከእጅ መዛል ጋር አረማመድ ከተበላሸ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ሕብለ ሰረሰሩ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል፣ በክፍለ ከተማው ውስጥ እንዳለው እንደ ጥቁር አንበሳ ያለ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በዚያው ዕለት መድረስ ያስፈልጋል።

ረጅም መጠይቅ ለማስሞላት ጊዜ ለማይበቃበትና ሕመምተኛው ማንበብ ለማይችልበት የሕክምና ክፍል በካናዳ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1995 የቀረበ ቀላል መለኪያ አለ። ሕመምተኛው በሕመሙ ምክንያት ያቃቱትን ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ሥራዎች ራሱ ይጠራል፤ ለእያንዳንዱም ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፣ 0 ፈጽሞ አልችልም፣ 10 እንደ ቀድሞዬ እሠራለሁ ማለት ነው። ጋጋሪዋ አክንባሎ ማንሣትን፣ ተሸካሚው ኩንታል ማዘልን፣ ጸሐፊው መተየብን ይጠራል፤ ከሳምንታት በኋላ ያው ጥያቄ ሲደገም ሕክምናው መሥራቱ በሕመምተኛው ኑሮ ይታያል። የዚህ መለኪያ ወጪ አንድ ወረቀትና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የክንድ ሕመም የሚያክሙ ፊዚዮቴራፒስቶችና የጉዳት መጠን የሚወስኑ የሐኪሞች ቦርዶች በሕመምተኛው ካርድ ላይ ከክርኑ ዲግሪ ጎን ሰውየው መሥራት ያቃተውን ሥራ በስሙ ጠርተው ሊጽፉለት ይገባል።